እንደራሴያችን ሲመጡ ምን እናሳያቸው?

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ሲፈታ «እንደ እኔ፥ እንደ ራሴ ሆኖ የሚቆም» ማለት ነው። ሕዝብ ሁሉ ወደ ሸንጎ መሄድ ስለማይችል ከመካከሉ አንዱን መርጦ «በእኔ ፈንታ ተናገር፥ በእኔ ፈንታ ስማ» ብሎ ይልካል። የተላከ ሰው ደግሞ በአገራችን ልማድ ተመልሶ የሄደበትን ጉዳይ ለላኪው ማስረዳት ግዴታው ነው። የጤና ጥበቃ ጽሑፍ ስለ ሸንጎ ማውራቱ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ የሚወጣው ሕግ እስከ አሶሳ ጓዳና ጓሮ፥ ገበያና የትምህርት ቤት ግቢ ድረስ የሚገባ ስለሆነ ጉዳዩ የእኛም ነው።

በአገራችን ፓርላማ የተቋቋመው በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን አባላቱን ሕዝቡ ራሱ አልመረጣቸውም። ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የፈቀደው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን፥ የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተካሄደ። በዚያ ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ፤ መምህራን አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ይበሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተመረጠ ሰው ኃላፊነቱን ቢያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፥ ሕዝቡም አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል።

በክልላችን የእንደራሴን ዋጋ በእጦት አውቀነዋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ፥ በመተከልና በካማሺ ዞኖች በጸጥታ ችግር ምክንያት ድምፅ አልተሰጠም። የቀረው ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ብዙ ወገኖቻችን ከቤታቸው ተፈናቅለው የንጹሕ ውኃና የመጸዳጃ ችግር በበረታባቸው በዚያ ዘመን፥ በዚያ ምርጫ መርጠው የላኩት አፍ አልነበራቸውም።

ከሸንጎ የሚወጣው ነገር ለጤና ምን ያህል እንደሚጠቅም በጥቂት ምሳሌ እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በቤት ውስጥ ባሉ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ትምባሆ ማጨስን ከለከለ፤ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር አደረገ። ስለ ደረቅ ቆሻሻ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን የሚያውቅ ነጋዴም ሆነ ሸማች ከቶ ስንት ነበር? ፌስታሉ ግን በየአጥሩ ተሰቅሎ፥ በየቦይው ተወትፎ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በፌስታል ላይ የበለጠ የጠነከረ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ይህም ሕግ ወደ ሕዝቡ ካልወረደ፥ ዕጣው እንደ ፊተኛው በወረቀት ላይ መቅረት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ጊዜ በመራጮች ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ነበር። ስለ አገር ፖሊሲ፥ ስለ መንገድና ስለ መብራት ረዥም ንግግር ተደረገ፤ ስለ አካባቢ ንጽሕናም መልካም ቃል ተነገረ፥ ተጨበጨበም። ሕዝቡ ሲበተን ግን አዳራሹና ግቢው በባዶ የውኃ ፕላስቲክና በፌስታል ተሸፍኖ ቀረ። ስለ ቆሻሻ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ጠያቂው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሊሆን ይገባው ነበር፥ እርሱም ዝም ብሎ ወጣ።

እንደራሴ ያላየውን ነገር አይናገርም። ለዚህ የለንደን ከተማ ታሪክ ምስክር ነው። በዚያች ከተማ ኮሌራ በተደጋጋሚ ብዙ ሺሕ ሰው ፈጅቶ ሳለ የፍሳሽ መውረጃው ሥራ ሲጓተት ቆየ። በ1858 እ.ኤ.አ. የበጋው ሙቀት ሲበረታ ግን የቴምዝ ወንዝ ክርፋት በወንዙ ዳር ወዳለው ፓርላማ ገባ። መጋረጃዎቹን በክሎሪን ኖራ ቢነክሯቸውም አልረዳም። ለዓመታት የተጓተተው ሕግ ያን ጊዜ በ18 ቀን ውስጥ ጸደቀ፤ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌትም ታላቁን የፍሳሽ መውረጃ ሠራ። ከ1866 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለንደን የኮሌራ ወረርሽኝ አላየችም። የአሶሳ ቦይ ሽታ ግን አዲስ አበባ ድረስ አይደርስምና፥ እንደራሴያችን ሲመጡ ማሳየት የእኛ ፈንታ ነው።

ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ቀን ይሠራል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። በዕረፍቱ ወራት እንደራሴዎች ወደ መራጮቻቸው ሲወርዱ ባዶ እጃችንን እንዳንጠብቃቸው፥ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እንድናደርግ አሳስባለሁ።

1ኛ/ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የትምህርት ቤቱንና የሰፈሩን መጸዳጃ ቤቶች ይቁጠሩ፤ ስንቱ በር፥ ስንቱ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና እንዳለው ይጻፉ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከነበሩት 16 ክፍሎች 7ቱ ስለ ንጽሕና ነበሩ፤ ከዚያ ምክር ምን ያህሉ እንደ ተፈጸመ የሚያሳየው ይህ ቁጥር ነው።

2ኛ/ «ፌስታል ሲከለከል በምን እንይዛለን?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት ዙሪያችንን እንመልከት። ክልላችን በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ነው። የቀርከሃ ቅርጫት ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ሕግም ያከብራል፥ የሠሪውንም እጅ ይደግፋል። ከእንደራሴው የሚጠየቀው እንግዲህ የቅርጫት ሠሪዎች እገዛ ይሁን።

3ኛ/ በማንጎ ወራት ልጣጩና ፍሬው በየመንገዱ ሲጣል ዝንብ ያፈላል፤ ዝንቡም ከመጸዳጃ ተነሥቶ በምግብ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በየጓሮው ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ ልጣጩ በአፈር እየተሸፈነ ማዳበሪያ ይሁን።

4ኛ/ ክረምቱ ሳይገባ ቦይዎች ይጠረጉ፤ ውኃ የሚያቁር ዕቃም ሁሉ ይወገድ። ውኃ በቆመበት ትንኝ ይራባል፤ ወባም ለአሶሳ እንግዳ አይደለችም።

5ኛ/ በስብሰባው የተነገረው ተስፋ፥ የእንደራሴውም የእኛም፥ በአንድ መዝገብ ከነቀኑ ይጻፍ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ መዝገብ ይነበብ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሕግ ማውጣት የእንደራሴው ሎሚ ነው፤ ቦይ መጥረግና ጉድጓድ መቆፈር የእኛ ነው። እንደ ራሳችን አድርገን የላክነው ሰው ሲመለስ፥ እኛም ራሳችን የሠራነውን የምናሳየው ይኑረን።