የቻርሎት ጎዳና ቃል ኪዳኖችና ሒሳባቸው

በምርጫ ዘመቻ ወቅት ያረጀና የተጎሳቆለ ከተማን አድሳለሁ ብሎ ቃል የሚገባ ዕጩ ለመራጩ የሚያቀርበው በአብዛኛው የሚሠራቸውን ነገሮች ዝርዝር ሲሆን፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ለስንት ዓመት እንደሚዘልቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያን ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን በእርግጥ በዕጩው እጅ ስለመሆኑ የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት በኒው ዮርክ ከተማ ከሚገኘው ከደቡብ ብሮንክስ፣ በተለይም በዚያ ካለው ቻርሎት ከተባለው አጭር ጎዳና የተሻለ አስተማሪ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 አንድ ፕሬዚዳንት፣ በ1980 ደግሞ አንድ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ በዚያው ፍርስራሽ መካከል ቆመው ተናግረዋል፤ ሰፈሩ በኋላ ሲታደስ ግን ዋናው ገንዘብ የወጣው ከከተማዋ ከራሷ ካዝና ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

የደቡብ ብሮንክስ ውድቀት የአንድ ሌሊት ነገር አልነበረም። በ1930ዎቹ የቤት ብድርን የሚመለከቱ የፌዴራል ካርታዎች ድሆች፣ ስደተኞችና ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ለብድር አስጊ ናቸው በማለት በቀይ ቀለም ለይተው ስለነበር ባንኮች ለእድሳት የሚሆን ገንዘብ ነፈጓቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራው ብሮንክስን አቋራጭ አውራ ጎዳና በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አፈናቀለ፤ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ሥራ ጠፋ፤ ከኪራይ ትርፍ ማግኘት ያቃታቸው አንዳንድ የሕንፃ ባለቤቶችም የእሳት ዋስትና ክፍያ ለመሰብሰብ ሲሉ የገዛ ሕንፃቸውን አስቃጠሉ። በ1970 ወደ 1.47 ሚሊዮን የነበረው የብሮንክስ ሕዝብ በ1980 ወደ 1.17 ሚሊዮን ወርዶ ተቈጠረ፤ ከሄዱት ውስጥ አብዛኞቹ የለቀቁት ደቡባዊውን ክፍል ነበር።

የአሜሪካ ከተሞች ትልቅ የገቢ ምንጭ በቤትና በመሬት ላይ የሚጣል ዓመታዊ ግብር ስለሆነ፣ ሕንፃ በተቃጠለ ቁጥር የከተማዋ ገቢ እየቀነሰ በአንጻሩ የእሳት አደጋ፣ የፖሊስና የድጎማ ወጪዋ ይጨምር ነበር። ኒው ዮርክ ጉድለቱን የሸፈነችው በቦንድ፣ ማለትም ባለገንዘቦች በወለድ በሚሰጡትና ወደፊት ከሚሰበሰብ ግብር በሚከፈል ብድር ነው። ቦንድ በተገቢው መንገድ የሚውለው ለአሥርተ ዓመታት ለሚያገለግል ሥራ፣ ለምሳሌ ለድልድይ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለውኃ መስመር ሲሆን፣ ከተማዋ ግን ለዕለት ወጪዎች ጭምር ትበደር ስለነበር በ1975 አበዳሪዎች ፊታቸውን አዞሩባት፤ በጀቷም በግዛቱ መንግሥት በተቋቋመ የቁጥጥር ቦርድ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ማንም ከንቲባ ምንም ዓይነት ቃል ቢገባ ሊበደርበት የሚችል ስም አልነበረውም።

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በጥቅምት 1977 ቻርሎት ጎዳናን የጎበኙት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነበር። በባዶ ቦታዎችና በፈራረሱ ግድግዳዎች መካከል ሲራመዱ የተነሡት ፎቶግራፎች የአሜሪካ ከተሞች ውድቀት መለያ ሆኑ፤ ሰፈሩም እንደገና እንደሚሠራ ተስፋ ተሰጠ። የካርተርን ቅንነት ለመጠራጠር ምክንያት የለም፤ ከጉብኝቱ ከአንድ ሳምንት በኋላ የፈረሙት የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት ሕግ ለተጎዱ ከተሞች አዲስ የድጎማ መርሐ ግብር የፈጠረ ከመሆኑም በላይ፣ ባንኮች ተቀማጭ ለሚሰበስቡባቸው ሰፈሮች ጭምር ብድር እንዲያቀርቡ የሚያበረታታውን ድንጋጌ የያዘ ነበር። ችግሩ ያለው ድጎማ በሚባለው ነገር ባሕርይ ላይ ነው። ድጎማ ከማዕከላዊው መንግሥት ወደ ከተማ የሚላክ፣ መልሶ የማይከፈል ገንዘብ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ ቢፈልጉትም በየዓመቱ የሚፈቅደው ኮንግረስ፣ በቦታው ላይ የሚያውለው ደግሞ ከተማው ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም ካልተስማሙ ቃሉ በወረቀት ይቀራል። በእርግጥም ካርተር ያቀረቡት የብሔራዊ ልማት ባንክ ሐሳብ በኮንግረስ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በቻርሎት ጎዳና ሊሠራ የታሰበው የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክትም በየካቲት 1979 በኒው ዮርክ በራሷ ውስጥ፣ ከንቲባውንና የአምስቱን የከተማዋን ክፍሎች ፕሬዚዳንቶች ባካተተው የበጀት ቦርድ፣ በድምፅ ብልጫ ውድቅ ተደረገ። በሩቅ ያለ ባለሥልጣን የገባው ቃል በቅርብ ባለው ባለሥልጣን ድምፅ ሊፈርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በነሐሴ 1980 ዕጩው ሮናልድ ሬገን በዚያው ስፍራ ቆመው ካርተር ቃላቸውን አልጠበቁም ሲሉ ከሰሱ፤ ምን ልታደርግልን ነው ብለው ለጮኹባቸው ነዋሪዎች የሰጡት መልስም ካልተመረጥሁ ምንም ላደርግ አልችልም የሚል ነበር። ከተመረጡ በኋላ ለከተሞች የሚሄደው የፌዴራል ገንዘብ ቀነሰ። ከ1972 ጀምሮ ከፌዴራል ግብር የተወሰነውን ድርሻ ያለ ብዙ ቅድመ ሁኔታ ለአካባቢ መስተዳድሮች ያከፋፍል የነበረው መርሐ ግብር በ1986 ተዘጋ።

በመካከሉ በሰፈሩ የቀሩት ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ባናና ኬሊን የመሰሉ የነዋሪ ማኅበራት የተተዉ ሕንፃዎችን በራሳቸው ጉልበት መጠገን ጀምረው ነበር። የከተማ ዕቅድ ባለሙያው ኤድዋርድ ሎግም ከአካባቢው የነዋሪ ማኅበር ጋር ሆነው፣ ከ1983 ጀምሮ ወደ 90 የሚጠጉ፣ ግቢና አጥር ያላቸው ፎቅ አልባ ቤቶች በቻርሎት ጎዳና አቆሙ። ቤቶቹ ከወጪያቸው ባነሰ ዋጋ ለተራ ሠራተኞች ተሸጡ። የቤቶቹ ቁጥር ለሰፈሩ ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም፣ በዚያ ስፍራ ቤት ገዝቶ መኖር የሚፈልግ ሰው መኖሩን ማረጋገጡ ግን ለቀጣዩ ሥራ የማይናቅ ስንቅ ሆነ።

ትልቁ ሥራ የመጣው በከንቲባ ኤድ ኮች ዘመን ነው። በ1986 ይፋ የሆነውና በኋላ መጠኑ ወደ 5.1 ቢሊዮን ዶላር ያደገው የአሥር ዓመት የቤቶች ዕቅድ በአሜሪካ ታሪክ አንድ ከተማ በራሱ አነሣሽነት ካካሄዳቸው ሁሉ እጅግ ግዙፉ እንደሆነ ይነገርለታል፤ ከገንዘቡም አብዛኛው የመጣው ከከተማዋ የካፒታል በጀት፣ ማለትም በቦንድ ከሚሸፈነው የቋሚ ሥራዎች በጀት ነበር። ይህ እንዲቻል ያደረገው አድካሚው የቅድሚያ ሥራ ነው፤ ከ1975 በኋላ በነበሩት ዓመታት ሠራተኛ ተቀንሶ፣ አገልግሎት ጠቦ፣ ሕዝቡም ብዙ መራራ ነገር ታግሦ ከተማዋ በ1981 በጀቷን ስላመጣጠነች የቦንድ ገበያው ዳግመኛ ተከፈተላት። ያን መራራ ጊዜ ማንም ዕጩ በዘመቻ መድረክ ላይ አያወራውም፤ የደቡብ ብሮንክስ መታደስ ግን ያለ እርሱ ሊታሰብ አይችልም።

ሁለተኛው ሀብት መሬትና ሕንፃ ነበር። ከተማዋ ግብር ያልከፈሉ ባለቤቶችን ንብረት የምትወርስበትን ጊዜ ከሦስት ዓመት ወደ አንድ ዓመት አሳጥራ ስለነበር፣ ከሰው የወጡትንም ሰው ያለባቸውንም ጨምሮ ወደ 100 ሺህ የሚደርሱ መኖሪያዎች በእጇ ገብተው ነበር። ይህ ንብረት በመጀመሪያ ሸክም ይመስል ነበር፤ እድሳት ሲጀመር ግን ከተማዋ የቦታ ዋጋ ሳትከፍል ሕንፃውን ለነዋሪ ማኅበራትና ለአነስተኛ ሥራ ተቋራጮች በስም ብቻ በሆነ ዋጋ መስጠት አስቻላት። ሦስተኛውን ምንጭ የኢትዮጵያ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል፤ በኢትዮጵያ የከተማ መሬት በሊዝ እንደሚተላለፍ ሁሉ፣ በማንሃተን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በወንዝ ላይ በተደለደለ መሬት የተሠራው ባተሪ ፓርክ ሲቲ የሕዝብ ንብረት ሆኖ ለአልሚዎች የሚከራይ ነው። ከሊዙ የሚገኘው ትርፍ ለቦንድ መያዣ ሆኖ፣ በዚያ ገንዘብ በሃርለምና በደቡብ ብሮንክስ የተተዉ ቤቶች ታደሱ። የበለጸገው ሰፈር መሬት የሚያፈራው ገቢ ለተጎዳው ሰፈር እንዲከፍል ማድረግ ከከተማ ፋይናንስ ዘዴዎች ሁሉ ፍትሐዊው ነው ማለት ይቻላል፤ መሬቱን ውድ ያደረገው የመላው ከተማ ሕዝብ ድካም ነውና።

ዛሬ ዕጩዎች አብዝተው የሚወዱት ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ግብርን ባለመሰብሰብ መክፈል ነው። በ1986 በሬገን ፊርማ የጸደቀው የግብር ማሻሻያ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት ለሚሠሩ ባለሀብቶች የግብር ቅናሽ የፈቀደ ሲሆን፣ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን የተቋቋሙት የማነቃቂያ ቀጠናዎችና በ2017 የወጣው የዕድል ቀጠናዎች ሕግም በከፊል ወይም በሙሉ በዚሁ ሐሳብ ላይ ቆመዋል። ዘዴው የሚማርከው በበጀት ላይ ወጪ ሆኖ ስለማይታይ ነው፤ ይሁን እንጂ ያልተሰበሰበ ግብር ከወጣ ገንዘብ አይለይም። የ1986ቱ ቅናሽ የኪራዩን ጣሪያና የተከራዩን ገቢ በሕግ ስለሚወስን ለታለመለት ሰው ደርሷል፤ የዕድል ቀጠናዎቹ ግን ገንዘቡ የሚውልበትን ነገር ሳይወስኑ ስለተዉት ከፍተኛው መዋዕለ ንዋይ ቀድሞውኑ ማደግ ወደ ጀመሩ ጥቂት ሰፈሮች አዘንብሏል። ከዚህ አንጻር የግብር ቅናሽን ተስፋ የሚሰጥ ዕጩ ሊጠየቅ የሚገባው የቅናሹን መጠን ብቻ ሳይሆን ግዴታውንም ጭምር ነው።

በ2020 በተደረገው ቆጠራ የብሮንክስ ሕዝብ ወደ 1.47 ሚሊዮን ተመልሶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ተስተካክሏል። ባዶ የነበሩት ቦታዎች ተሞልተዋል፤ የወቅቱ ጭንቀት የተተወ ሕንፃ ሳይሆን የማይቀመስ የቤት ኪራይ ነው። በኪራይ ጣሪያ የተጠበቁ ብዙ ቤቶች ውላቸው በዓመታት የተገደበ ስለሆነ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሠላሳ ዓመት የተፈረሙት ጊዜያቸው እየደረሰ ነው፤ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ዝቅተኛውን ኪራይ ለማስጠበቅም አዲስ ገንዘብ መመደብ ያስፈልጋል። ከእንግዲህ በዚያ ሰፈር ድምፅ የሚጠይቁ ዕጩዎች በቃላቸው ዝርዝር ውስጥ ሊያካትቱት የሚገባው ወጪ ይህ ነው።