ካሜራው የት ቆመ?

ፊልም ስናይ ዓይናችን ተዋናዩ ላይ ነው። ካሜራማኑ ግን ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ወስኗል፤ ከሰውየው ምን ያህል እንደሚርቅና ሌንሱን በምን ከፍታ እንደሚያቆም።

ርቀቱ ቶሎ ይገባል። ሎንግ ሾት ሰውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ከነአካባቢው ያሳያል። ሚዲየም ሾት ከወገብ በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ፈረንሳዮች «የአሜሪካ ሾት» ያሉት አለ፤ ከጉልበት ወይም ከጭን በላይ ስለሚይዝ የካውቦዩ ሽጉጥ ከነአፎቱ ይታያል። ክሎዝአፕ ፊትን ብቻ ይወስዳል። ዴንማርካዊው ካርል ድሬየር እ.ኤ.አ. በ1928 ለእይታ ባበቃው ድምፅ አልባ ፊልም የፈረንሳዊቷን ዣን ዳርክን ችሎት በአብዛኛው ያሳየን በፊት ክሎዝአፕ ነው። ተዋናይቷ ሬኔ ፋልኮኔቲ ሜካፕ አልተቀባችም፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ በግልጽ ይታያል። ችሎቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ መለየት ግን ያስቸግራል። ዛሬ ሻይ ለማዘዝም ክሎዝአፕ የሚጠቀሙ ድራማዎች አሉ፤ ለቅሶው ሲመጣ ምን ሊቀራቸው ነው?

የሚያከራክረው አንግሉ ነው። ለጀማሪ የሚነገረው ይህ ነው፤ ሰውን ከታች ወደ ላይ ካነሡት ይገዝፋል፣ ከላይ ወደ ታች ካዩት ያንሳል። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሕግ ግን አይደለም። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «ሲቲዝን ኬን» አፍርሶታል። የፊልሙ ባለታሪክ ኬን ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ በተሸነፈበት ሌሊት፣ ሰክሮ ከመጣ የልብ ወዳጁ ጋር ይፋጠጣል። ካሜራው ወለል ላይ መቀመጡ ስላልበቃ የስቱዲዮው ወለል ተሰብሮ ከእግራቸው በታች እንዲወርድ ተደረገ። ወደ ላይ ሲያይ ደግሞ ጣሪያ ያስፈልጋል፤ በዚያ ዘመን መብራት ከላይ ስለሚሰቀል አብዛኞቹ የስቱዲዮ ክፍሎች ጣሪያ አልነበራቸውም። ዌልስና ካሜራማኑ ግሬግ ቶላንድ ጨርቅ ወጥረው ጣሪያ አስመሰሉ፤ ማይክሮፎኖቹንም ከጨርቁ በላይ ደበቁ። ኬን በፊልሙ ውስጥ በጣም ግዙፍ ሆኖ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የሽንፈቱ ሌሊት ነው፤ ጣሪያው ግን አናቱ ላይ ተጭኖታል፣ ወዳጁም ፊት ለፊት ጥፋቱን ይነግረዋል።

ከፍታና አንግልም አንድ አይደሉም። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ ካሜራውን ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን እንኳ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሌንሱ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው፣ ብዙም አያንጋጥጥም። እ.ኤ.አ. በ1953 በሠራው «የቶኪዮ ወግ» ሽማግሌዎቹ ወላጆች አይገዝፉም፣ አያንሱምም። አብረናቸው ቁጭ እንዳልን ይሰማናል።

ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1982 «ኢ.ቲ.»ን ሲሠራ አብዛኛውን ክፍል በልጅ ዓይን ከፍታ ቀረጸ። ከእናትየው በቀር የአዋቂዎቹ ፊት ለረጅም ጊዜ አይታይም፤ ባዕዱን ፍጡር ኢ.ቲ.ን የሚያሳድደው ሰው ማንነቱ የሚለየው ወገቡ ላይ በሚንቃጨለው የቁልፍ ጥቅል ነው። ይህን ለማድረግ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ልጃችሁን በስልክ ስትቀርጹ ቆማችሁ ቁልቁል አትዩት፤ ተንበርከኩ።