የተርሚናል መስኮትን ስም የሚያወጣው ማን ነው?

አንድ ምሽት ሰባት የተርሚናል መስኮት ከፍቼ እሠራ ነበር። ሁሉም ጥቁር ናቸው፤ በሁሉም አናት ላይ «ተርሚናል» ከሚል ቃል በስተቀር የተጻፈ ነገር የለም። የሙከራውን ሰርቨር ሪስታርት አደርጋለሁ ብዬ ደንበኞች የሚሠሩበትን ሪስታርት አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ስም በሌለው መስኮት ላይ ትዕዛዝ አልጽፍም። «የማሽኑን ስም ፕሮምፕቱ ይነግረን የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ይነግራል፤ ግን ረጅም ሎግ ሲፈስ ፕሮምፕቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ይጠፋል። የመስኮቱ ርዕስ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ርዕሱን የሚያወጣው ፕሮግራም ማንኛውንም ጽሑፍ ስክሪን ላይ እንደሚጽፍ ሁሉ ጥቂት ምልክቶችን ይልካል፦ መጀመሪያ በአስኪ ሰንጠረዥ ቁጥር 27 የሆነው ኢስኬፕ፣ ቀጥሎ ]፣ ከዚያ 0 እና ;፣ ከዚያ የምንፈልገው ስም፣ በመጨረሻ ቁጥር 7 የሆነው ቤል። ቤል በቴሌታይፕ ዘመን የእውነት ደወል ያስጮህ ነበር፤ እዚህ ግን ያለ ድምፅ የስሙን ማብቂያ ብቻ ያመለክታል። ልማዱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወለደው ከኤክስተርም ሲሆን ሌሎቹ ተርሚናሎች ተከትለውታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው ምልክቶቹን በፕሪንትኤፍ ጽፎ ኢንተር ይመታል፤ ርዕሱ የተለወጠ አይመስልም። «የእኔ ተርሚናል ይህን አይችልም» ብሎ ይተወዋል። ተርሚናሉ ግን ታዟል፤ ስሙንም ቀይሯል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመስኮትን ስም ግን የሚያወጣው መጨረሻ ላይ የተናገረው ፕሮግራም ነው። ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣው የባሽአርሲ ፋይል ፕሮምፕቱ በታየ ቁጥር የተጠቃሚውን፣ የማሽኑንና የዳይሬክተሪውን ስም ርዕስ አድርጎ ይጽፋል። ስለዚህ እርስዎ ያወጡት ስም ዕድሜው ፕሮምፕቱ እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው፤ ዓይን ሳያየው ያልፋል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከፕሪንትኤፉ ቀጥሎ፣ በዚያው መስመር፣ የስሊፕን ትዕዛዝ ከቁጥር 5 ጋር ይጻፉ። ስሙ ለ5 ሰከንድ ቆይቶ ሲጠፋ ያዩታል። እንዲዘልቅ ከተፈለገ ስሙ ፕሮምፕቱ ውስጥ፣ ማለትም ፒኤስ1 ላይ፣ መግባት አለበት።

በኤስኤስኤች ስንገባም ሕጉ ያው ነው። ምልክቶቹ ተራ ባይቶች ስለሆኑ ኔትወርኩን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሩቅ ያለው ሰርቨር ጠረጴዛችን ላይ ላለው መስኮት ስም ያወጣል። ይህ መልካም ነው። ከሰርቨሩ ስንወጣ ግን የራሳችን ፕሮምፕት ርዕስ የማይጽፍ ከሆነ የሰርቨሩ ስም እዚያው ይቀራል፤ መስኮቱ ይዋሻል። የሚዋሽ ስም ደግሞ ስም ከማጣት ይብሳል። ስለዚህ ርዕስ መጻፍ የጀመረ ሰው በራሱም ማሽን፣ በሚገባባቸው ሰርቨሮችም ሁሉ ይጻፍ።

አንድ ተግሣጽ አለኝ። ፒኤስ1 ውስጥ ሲያስገቡ የማይታዩትን ምልክቶች በ\[ እና በ\] መካከል ያድርጓቸው። ይህ ሲዘነጋ ባሽ የማይታየውን እንደሚታይ ፊደል ይቆጥርና የመስመሩ ርዝመት ይምታታበታል። ረጅም ትዕዛዝ ሲጻፍ ጽሑፉ ወደ ታች መውረድ ሲገባው እዚያው በራሱ ላይ ይደረባል። ከዚያ ተርሚናሉ ይወቀሳል። ተርሚናሉ ምን አጠፋ? ጥፋቱ አራት ምልክት ለመጻፍ የሰነፈው ሰው ነው።

ስሙ የግድ በላቲን ፊደል መሆን የለበትም። ዩቲኤፍ-8 የሚያነቡ የዛሬ ተርሚናሎች የግዕዝ ፊደልን ይቀበላሉ። እኔ ደንበኞች የሚሠሩበትን ሰርቨር «እንዳትነካ» ብዬዋለሁ፤ ከሰባቱ መስኮቶች መካከል ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እርስዎም ዛሬውኑ ስም ማውጣት ይጀምሩ፤ መጀመሪያም ሊሳሳቱበት ለማይገባው ሰርቨር ያውጡለት።