በቆሎውን ከመክተትዎ በፊት ጨው ይጠይቁ

በወላይታ ዞን፣ በዲምቱና በአካባቢው ለብዙ ቤተሰብ በቆሎ የዓመት ቀለብ ነው። ቂጣው፣ ገንፎውና ንፍሮው ከእሱ ነው። ችግሩ በቆሎው ደርሶ የሚሰበሰበው ብዙውን ጊዜ ሰማዩ ገና ሳይጠራ መሆኑ ነው። ደመናው ይመላለሳል፣ ፀሐዩም አይታመንም። የትምህርት ቤቱ ወጪና የጊፋታ በዓል ዝግጅት በአንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ «ቶሎ ከትቼ ልረፍ» ማለትዎ አይቀርም። ሻጋታ የሚጠቀመው በዚህ ጥድፊያ ነው።

ሻጋታ ምን ይፈልጋል?

የሻጋታ ዘር በአየሩም፣ በአፈሩም፣ በማሳውም አለ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። የሚቻለው እርጥበት መንሳት ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሲሆን ሻጋታ መብቀል ይጀምራል። በውጭ አገር ውድ ሲጋር በሳጥን የሚያስቀምጡ ሰዎች ቅጠሉ እንዳይደርቅ ሳጥኑን ያረጥባሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ይህችን መስመር እንዳያልፉ ይጠነቀቃሉ። የእርስዎ ጆንያም ሕግ ያው ነው። ልዩነቱ እርስዎ የሚፈልጉት ከመስመሩ በታች፣ በርቀት መቆየትን መሆኑ ነው። ለበቆሎ ይህ ማለት በፍሬው ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ 13 በመቶ ዝቅ ማለት አለበት ማለት ነው።

የማይታየው መርዝ

አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 እርጥበት እንዳለው የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። መቀቀልም ሆነ መጋገር መርዙን አያጠፋውም። ማስፈጨትም ምልክቱን ይደብቃል እንጂ አደጋውን አይቀንስም።

በጓዳዎ ያለ መመርመሪያ

በጥርስ ነክሶ «ቀጭ» ማለቱን መስማት የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ጥርስ ይሳሳታል። ጨው የተሻለ ምስክር ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ይያዙ። ሲሶውን በተፈለፈለ በቆሎ ይሙሉት። ሁለት ሾርባ ማንኪያ ያህል በደንብ የደረቀ የገበታ ጨው ይጨምሩበትና ዘግተው ለአንድ ደቂቃ ይናጡት። ከዚያ 15 ደቂቃ ያስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የበቆሎው እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነውና ወደ ፀሐይ ይመልሱት። ካልተለጠፈ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል፤ ያኔም አንድ ሁለት ጥሩ የፀሐይ ቀን ቢጨምሩለት ይመረጣል። ናሙናውን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከክምሩ መሐልና ከሥር ይውሰዱ።

ሲያደርቁና ሲከትቱ

• በቆሎውን መሬት ላይ አያስጡ። ሸራ ወይም ሰሌን ያንጥፉ፣ በስሱ ይበትኑት፣ በየሰዓቱ ያገላብጡት። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ሳይነካው ይሰብስቡት።

• ከመክተትዎ በፊት ይልቀሙት። የተሰባበረ፣ የተነቀዘ፣ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ያደላ ፍሬ ይውጣ። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች መልቀም ብቻውን ብዙ ይቀንሳል።

• ጆንያውን ከወለሉ ከፍ ባለ ረብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ይደርድሩ። ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ ከእህሉ በፊት ቆርቆሮው ይጠገን።

• አዲሱን ከአሮጌው አይቀላቅሉ። በየሁለት ሳምንቱ እጅዎን ወደ ጆንያው መሐል ይስደዱ። ሙቀት ወይም የእርጥበት ሽታ ካገኙ ያውጡና ያስጡት።

አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት ስለሚያፍን ጥሩ ነው። ነገር ግን እህል አያደርቅም። እርጥቡን ከከተቱበት እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ሲከፍቱት ሽታው ይቀበልዎታል።

በርበሬም ከዚህ አያመልጥም

የበርበሬ ዛላ እንዳይሰባበር ወይም ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የሚረጩ ነጋዴዎች አሉ። ሲገዙ ዛላውን ይጠፍሩት። ደረቁ ይሰባበራል፣ በውስጡ ያለው ፍሬም ይንኳኳል። ከመሰባበር ይልቅ የሚለመጥ ከሆነ፣ ሲከፍቱትም በውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ሽፋን ካለ ዋጋው ቢረክስም ይለፉት። ቤት ካጠቡትም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ወፍጮ አይላኩት። የተፈጨውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው በደረቅ ማንኪያ ብቻ ይጭለፉ።

የሻገተውን ምን ያድርጉት?

እህል መጣል ያንገበግባል። ለዚህም ነው ብዙ ቤት «ለዶሮ ይሁን፣ ለላም ይሁን» የሚባለው። ዶሮዎች ለዚህ መርዝ ደካሞች ናቸው። ላም የበላችው መርዝ ደግሞ በከፊል ተለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ የምታጠባ እናት የበላችውም እንዲሁ በጡቷ ወተት በኩል ለሕፃኑ ይደርሳል። ለላሟ የሰጡት የሻገተ በቆሎ ዞሮ የልጅዎ ኩባያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሻገተውን ከቤትና ከከብት ያርቁት፣ ይቅበሩት። ያልሻገተውን ለማትረፍ ግን ጊዜው አሁን፣ ጆንያው ሳይሰፋ ነው።