በበዓል ቀን የሚያስችል ገበሬ

በአማራ ክልል በእብናት ወረዳ ገጠር በሚካኤል፣ በማርያም ወይም በመድኃኔዓለም ቀን ሞፈር አይነሣም። እርሻ የሚፈታበት ቀን ግን ለአንዳንዱ ሰው ሌላ ሥራ የሚያዝበት ነው። ትናንት ከበሬ ኋላ የዋለው ገበሬ ዛሬ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብቶ በዳኝነት ይቀመጣል፤ ነገ ተመልሶ ወደ ማሳው ይወርዳል። ደመወዝ የለውም፣ ሕግም አልተማረም። የሚሰጠው ውሳኔ ግን እንደ ሽማግሌ ምክር “አልተስማማኝም” ተብሎ የሚተው አይደለም፤ የሚዳኝበት ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የመንግሥት ፍርድ ቤት ነውና።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ልማድ ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው “ዳኘን” ይሉ ነበር፤ የተጠየቀውም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ክርክራቸውን ይሰማል። በ1939 ዓ.ም. አጥቢያ ዳኛ በአዋጅ ተቋቋመ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሥልጣኑን ሲዘረዝር ስድብን፣ ቀላል ድብደባንና ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በተቻለ መጠን በዕርቅ እንዲጨርስ አዘዘው። ዕርቁ ካልሆነለት ሁለት ረዳቶች ይዞ ይፈርድ ነበር፤ ቅጣቱም ከ15 ብር አያልፍም ነበር። ደርግ በ1967 የገጠር መሬት አዋጅን ሲያወጣ የመሬት ክርክርን ዳኝነት ለገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ሰጠ። በ1994 የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ ቀበሌን በምክር ቤት፣ በአስተዳደር ምክር ቤትና በማኅበራዊ ፍርድ ቤት አዋቀረው።

ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የመንደሩ ዳኛ ስሙ ተለወጠ እንጂ ወንበሩ አልታጠፈም። ምክንያቱ የእግር መንገድ ነው። የጥቂት መቶ ብር ዕዳ ለማስመለስ ከሩቅ ቀበሌ ወረዳ ከተማ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀጠሮ አይጨርስም። ምስክሮቹን ይዞ ይመላለሳል፤ ስንቁና የባከነበት የሥራ ቀን ከዕዳው ይበልጣል። “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” የሚል ሕዝብ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ነው ብሎ አይተወውም። ፍርድ ካላገኘ ቂም ይይዛል፤ ቂም በደም የሚመለስበት አገር መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ የትንሽ ፍርድን ዋጋ ያውቃል።

የገበሬው ዳኛ ምን እንደሚሠራ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንዱ በሬ በሌሊት ገመድ በጥሶ የጎረቤቱን ጤፍ በላ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ባለቤቱ እንስሳው ድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን ለጉዳቱ ኃላፊ ነው ይላል። ዳኛው ቁጥሩን ላያውቅ ይችላል፤ ፍሬ ነገሩን ግን ከአባቱ ሰምቶት አድጓል። ክርክሩም በሕጉ ላይ አይደለም። የተበላው ጤፍ ስንት ቁና ይወጣው ነበር? ዛላው ሞልቶ ነበር ወይስ ገና? ከዝናቡ በኋላ ያቆጠቁጣል? ሕግ የተማረው ዳኛ ይህን ለማወቅ ባለሙያ ያስጠራል፤ ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ ይናገራል። የምስክሩንም ጠባይ ያውቃል፤ ማን ለወዳጁ ብሎ እንደሚምል፣ ማን ከመማል ገንዘቡን ቢያጣ እንደሚመርጥ አይጠፋውም።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ምስክሩን ያወቀ ዳኛ ተከሳሹንም ያውቃል። አንዱ የክርስትና ልጁ ነው፣ ሌላው የጽዋ ማኅበርተኛው፣ ሦስተኛው ወንፈል የሚገባበት ጎረቤቱ። በከተማ ችሎት ባለ ጉዳይ “ዳኛው ይነሣልኝ” ቢል ሌላ ዳኛ ይተካል። ሁሉም በተዛመደበት ቀበሌ ግን ማን ይነሣ፣ ማንስ ይተካ? ከባሏ የተለየች ሴት ገንዘቧን ስትጠይቅ ዳኛው የባሏ ቡና አጣጪ ከሆነ ነገሯ ገና ሳይሰማ ያዘነብላል። በዚህ ላይ ዳኞቹን የሚሾመው የቀበሌው ምክር ቤት ነው። እብናት የሴፍቲኔት ወረዳ ነው፤ የተረጂዎች ዝርዝር የሚጀምረውም ከቀበሌ ነው። ዳኛው በቀበሌ ሹም ላይ ለመፍረድ ቢያመነታ ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም።

ያልተማረ ዳኛ የኛ ብቻ ድህነት አይደለም። እንግሊዝ ከ1361 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር የደመወዝ አልባ ዳኞች ልማድ አላት፤ ዛሬም አብዛኛው የወንጀል ጉዳይ የሚያልቀው እነርሱ ዘንድ ነው። ግን ሕግ የሚያማክራቸው ባለሙያ በችሎቱ ይገኛል። በጀርመን በአንዳንድ የወረዳ የወንጀል ችሎቶች ሁለት ተራ ዜጎች ይቀመጣሉ፤ መካከላቸው ሕግ የተማረ ዳኛ አለ። በሁለቱም አገር የሰፈር ዕውቀትና የሕግ ዕውቀት አንድ ችሎት ላይ ይገናኛሉ። በእብናት ቀበሌዎች ግን ገበሬው ከመሰሎቹ ጋር ብቻውን ነው። ሕግ አዋቂው የሚመጣው ኋላ፣ ተሸናፊው ወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሲል ነው።

እንግዲህ የይግባኙ ዳኛ ማሳውን አላየም፣ ምስክሩንም አያውቅም። የሚያየው የተጻፈለትን ብቻ ነው። መዝገቡ “ተከሳሹ 800 ብር ይክፈል” ብሎ ካበቃ ዳኛው ፍርዱን ሊመረምር አይችልም፤ ወይ በጭፍን ያጸናዋል፣ ወይ ጉዳዩን ከሥሩ ይጀምረዋል። በመጀመሪያው ያደላ ዳኛ ያመልጣል፤ በሁለተኛው ደሃው ያንኑ የእግር መንገድ እንደገና ይጀምራል። ስንት ቁና ጤፍ እንደተበላ፣ ማን እንደገመተው፣ ምስክሩ ምን እንዳለ፣ ዳኛው ለባለ ጉዳዩ ምኑ እንደሆነ በአራት መስመር ከተጻፈ ግን ዝምድናው ባይጠፋም ይታያል፤ የታየ ዝምድና ደግሞ በይግባኝ ይታረማል።

ለማኅበራዊ ዳኞች ሥልጠና ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው አንቀጽ ማስጠናት ነው። አንቀጹን ወረዳው ያውቀዋል። ገበሬውን ልናስተምረው የሚገባው የሚያውቀውን መጻፍ ነው፤ እርሱ ካልጻፈው ሌላ የሚያውቀው የለምና። በቀበሌያችሁ የተፈረደላችሁም የተፈረደባችሁም፣ ከችሎቱ ሳትወጡ “ምክንያቱ ይጻፍልኝ” በሉ።