መደርደሪያ ላይ የተረሳው መድኃኒት

የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የእንቅልፍ በሽታ አንጎል ሲደርስ ሕመምተኛው ቀን ሲያንቀላፋ ይውላል፤ ሌሊት ዓይኑ አይከደንም፤ ጠባዩ ይለወጣል። ካልታከመ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ ሞት ነው። ኮንጎ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ለዚህ ደረጃ ይሰጥ የነበረው ሜላርሶፕሮል የተባለ፣ ከአርሴኒክ የተሠራና የደም ሥር የሚያቃጥል መርፌ ነበር። ከሃያ ታካሚዎች አንዱን የሚገድለው መድኃኒቱ ራሱ ነበር። ሐኪሞች ይህን እያወቁ ይወጉ ነበር።

የተሻለ ያልተገኘው ፈላጊ ስለጠፋ ነው። በሽታው የሚያጠቃው የገጠር ድሃ በመሆኑ ለኩባንያ አያዋጣም። ጄኔቫ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ ዲኤንዲአይ፣ ፍለጋውን ከአዲስ ነገር ሳይሆን ከአሮጌው ጀመረ። ናይትሮኢሚዳዞል የሚባሉ ከ700 በላይ ውህዶችን ከያሉበት አሰባስቦ አስፈተሸ። ከመካከላቸው ፌክሲኒዳዞል ወጣ። የጀርመኑ ሆክስት ኩባንያ ከዓመታት በፊት ሠርቶ የተወው ውህድ ነው።

ነገር ግን ጥርጣሬ ነበረበት። በባክቴሪያ ላይ ሲፈተን ዘረመል የሚያበላሽ መሰለ፤ በአጥቢ እንስሳት ሕዋስ ላይ ሲሞከር ግን ጉዳቱ አልታየም። በ2009 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች መውሰድ ጀመሩ። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ከምግብ ጋር ሲሆን በእጅጉ ይጨምራል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሩዝ በባቄላና ፕላምፒ ነት የተባለ የለውዝ ምግብ እያበሉ ለኩት፤ የገጠር ታካሚ የሚያገኘው ይህንኑ ነዋ።

ቀጥሎ በኮንጎዊው ሐኪም ቪክቶር ካንዴ መሪነት በኮንጎና በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በተደረገ ሙከራ 394 ታካሚዎች ተሳተፉ። ማወዳደሪያው ከ2009 ጀምሮ ሜላርሶፕሮልን እየተካ የመጣው ሕክምና ነበር፦ 14 ጊዜ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ከእንክብል ጋር። ከ18 ወራት በኋላ የነባሩ ውጤት 98 በመቶ፣ የፌክሲኒዳዞል 91 በመቶ ሆነ።

አዲሱ አነሰ። ያም ሆኖ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በኅዳር 2018 ድጋፉን ሰጠ። ግሉኮስ፣ መርፌና ነርስ ሆስፒታል ይፈልጋሉ፤ ለአሥር ቀን የሚዋጥ እንክብል ግን ሆስፒታል የሌለበት መንደር ይደርሳል። ልዩነቱም በጥንቃቄ ተያዘ፦ በሽታው የጠናበት ሰው ነባሩን ሕክምና እንዲያገኝ፣ እንክብሉም ምግብ ከተበላ በኋላ በጤና ባለሙያ ፊት እንዲዋጥ ተወሰነ።

ይህ ድጋፍ ግን ለአንዱ የበሽታው ዓይነት ብቻ ነበር፤ በሌላው፣ በምሥራቅ አፍሪካው ዓይነት ላይ አርሴኒኩ ገና አልተሻረም ነበር። ይህ ዓይነት ለሠላሳ ዓመታት ያህል ተሰውሮ ከቆየ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2022 እንደገና ብቅ አለ። ማላዊና ኡጋንዳ ላይ የተደረገው ጥናት ተጠናቅቆ ኤጀንሲው በ2023 መጨረሻ ፌክሲኒዳዞልን ለዚህኛውም ደገፈ፤ ሜላርሶፕሮልም ተተኪ አገኘ።