የባህር አውሮፕላን ሞዴል፦ ሙጫው ከመከፈቱ በፊት ያለው ሥራ

በጨርጨር ተራሮች መሐል፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጭሮ ከባህር ሩቅ ናት። ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን በዓይኑ ያየ ሰው በከተማዋ ማግኘት ያስቸግራል። የባህር አውሮፕላንና የኢትዮጵያ ታሪክ ግን አንድ ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል።

በ1928 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አነስተኛ አውሮፕላን፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር የመራት ሥራ ናት። ወራሪው የጣሊያን ጦር ከወሰዳት በኋላ ለረጅም ዓመታት የቆመችው ከሮም በስተሰሜን፣ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ነበር። ይህ ሥፍራ ሙዚየም ከመሆኑ በፊት የባህር አውሮፕላኖች ጣቢያ ነበር፤ ዛሬም ሁለት ታላላቅ የባህር አውሮፕላኖች እዚያ ይታያሉ። አንዱ ባለ ሦስት ሞተሩ ካንት ዜድ 506 ነው። ሌላው በጥቅምት 1927 ዓ.ም. በፍራንቼስኮ አጄሎ አብራሪነት በሰዓት 709 ኪሎ ሜትር በርሮ፣ በፒስተን ሞተር ከሚሠሩ የባህር አውሮፕላኖች እስካሁን ያልተደፈረ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ቀዩ ማኪ ኤም ሲ 72 ነው። ፀሐይ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የእሷን ታሪክ የሚወድ ወጣት አብረዋት ስለቆሙት አውሮፕላኖች ቢጠይቅ፣ ጥያቄው በእጅ ወደሚሠራ ሞዴል ሊያደርሰው ይችላል።

የባህር አውሮፕላን በሁለት ዋና ዋና መልክ ይመጣል። በአንደኛው ዓይነት ሆዱ ራሱ የጀልባ ቅርጽ አለውና አካሉ ውሃው ላይ ያርፋል፤ የእንግሊዙ ሾርት ሰንደርላንድ እንዲህ ነው። በሁለተኛው ዓይነት በጎማ ፈንታ ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎች በብረት እግሮች ከሆዱ ሥር ይታሰራሉ፤ ካንት ዜድ 506 እና ማኪው ከዚህ ወገን ናቸው። በሁለቱም ላይ ሥራው ሁሉ የተደበቀው ከታች ነው። የጀልባውን ሆድ ወይም የተንሳፋፊውን ሥር ገልብጦ ላየ ሰው፣ መሐል አካባቢ ድንገት የምትቆረጥ እርከን ትታየዋለች። ውሃ ለስላሳና ጎባጣ የሆነን ነገር ይስባል፤ አይለቅም። አውሮፕላኑ ፍጥነት ሲጨምር እርከኗ ውሃውን ከኋላው ክፍል አላቅቃ አየር ታስገባለች፤ ያን ጊዜ አውሮፕላኑ በፊተኛው ክፍል ብቻ ውሃውን እየጨረፈ ለመነሣት ይበቃል። ሞዴል ሲሠራ ይህች እርከን በብርጭቆ ወረቀት ተፍቃ ከጠፋች፣ ባለሙያ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ጉድለት እሱ ይሆናል።

ማኪው ደግሞ ሌላ ብልሃት ያስተምራል። ኃይለኛ ሞተር ፕሮፔለሩን ወደ አንድ ወገን ሲያሽከረክር አካሉን ወደ ሌላው ያጋድላል፤ አንዱ ተንሳፋፊም ውሃው ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሁለት ፕሮፔለሮችን ፊትና ኋላ አድርገው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲሽከረከሩ አደረጉ። በጣም ያማረ ማሽን ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። እግሮቹ ቀጫጭን፣ የወጠሯቸው ሽቦዎችም ብዙ ናቸው።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመርጠው ትዊን ኦተርን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራዎች በጎማ ሲጠቀምበት የኖረ፣ በማልዲቭስ ደሴቶች ደግሞ በተንሳፋፊ ውሃ ላይ የሚያርፍ ያው አንድ ዓይነት አውሮፕላን ነው። ክንፉ ከላይ ነው፣ ቅርጹም ቀጥተኛ ነው። ኪቱን፣ ማለትም ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ክፍሎቹን የያዘውን ካርቶን፣ ቀድሞ ማችቦክስ የተባለው ኩባንያ አውጥቶት ነበር፤ በኋላ ሬቨል የተባለው ደገመው። ከመግዛት በፊት ካርቶኑ ውስጥ ተንሳፋፊዎቹ መኖራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስኬል የሚባለው ቀላል ሒሳብ ነው። 1/72 ማለት እውነተኛው ርዝመት ለ72 ተካፍሏል ማለት ነው። የትዊን ኦተር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 19.8 ሜትር ነው፤ በ1/72 ወደ 27.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ሰንደርላንድ ግን 34 ሜትር አልፎ ስለሚሄድ ሞዴሉ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከጭሮ ገለምሶ በሚኒባስ ጭኖ ለመሄድም፣ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥም ይከብዳል።

እንዲህ ያለው ኪት በአብዛኛው የሚመጣው ከባህር ማዶ በሚመለስ ዘመድ እጅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ መንገር ይገባል። ፕላስቲኩ በሻንጣ ይመጣል፤ የሞዴል ሙጫና የስፕሬይ ቀለም ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም። ኪት ያላገኘ ሰውም መጀመር ይችላል። የአውሮፕላኑን ንድፍ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት መሄድ ነው። ወረቀቱ ላይ ክንፉ 11 ሳንቲ ሜትር ከሆነና 27.5 ከተፈለገ፣ 250 በመቶ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ከ200 በላይ የማያሳድግ ከሆነ በመጀመሪያ 200፣ የወጣውን ደግሞ እንደገና 125 በመቶ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ካርቶን፣ ከተርና ኮላ ይበቃሉ።

ኪቱ ሲደርስ እጅ መጀመሪያ ሙጫውን መያዝ የለበትም። የጀማሪ ሞዴል የሚበላሸው በአብዛኛው በመጀመሪያው ምሽት፣ በችኮላ ነው። ክፍሎቹ ከነፍሬማቸው ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ኦሞ ይታጠቡ፤ ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት ቀለም አያስይዝም። ከደረቁ በኋላ በቁጥራቸው እየታዩ፣ የሚፈለገው ብቻ በጥፍር መቁረጫ ትንሽ ራቅ ተደርጎ ይቆረጥ። በእጅ መጠምዘዝ ፕላስቲኩን ይቦጭቀዋል። የተረፈው ጉጥ በምላጭ ተልጦ በውሃ በራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙዎች የሚዘሉትና እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ሥራ ነው፤ ያለ ሙጫ ማገጣጠም። የሆዱ ግማሾች በወረቀት ፕላስተር ይያዙ፣ ክንፉ ከላይ ይቀመጥ፣ ተንሳፋፊዎቹ ከነእግሮቻቸው ይሞከሩ። የጎማ አውሮፕላን ትንሽ ቢጣመም ዓይን ይቅር ይለዋል። የባህር አውሮፕላን ግን ሁለት ረጃጅም መስመሮች ጎን ለጎን ስለሚዘረጋ የሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት እንኳ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ከካርቶን ሣጥን ላይ ሁለት ትክክለኛ ቁራጮች ቆርጦ ተንሳፋፊዎቹን የሚይዝ መደገፊያ መሥራት ያዋጣል። ከዚያ በማስመሪያ ይለካ፦ ከሁለቱም ክንፍ ጫፎች እስከ ጠረጴዛው ያለው ከፍታ እኩል ነው ወይ? ከእያንዳንዱ ተንሳፋፊ አፍንጫ እስከ ጅራቱ ጫፍ ያለውስ? ልኬቱ እኩል እስኪሆን ድረስ የሙጫው ክዳን አይነካ።

በዚሁ ሙከራ ሌላም ነገር ይታያል። ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ የሚመዝነው በእርከኗ ላይ ነው፤ ጅራቱ ከከበደ ወደ ኋላ ይቀመጣል። መፍትሔው አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ክብደት፣ ለምሳሌ ብሎን ወይም የኩሽኔታ ኳስ፣ አጥብቆ ማጣበቅ ነው። ሆዱ ከተዘጋ በኋላ ግን መግቢያ የለም። የአብራሪው ክፍልና የመቀመጫዎቹ ቀለምም ሆዱ ከመዘጋቱ በፊት ማለቅ አለበት።

የሞዴል ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ አንድ ያደርገዋል። እሱ በማይገኝበት ቦታ ሒርናም ሆነ በዴሳ ሱቅ የሚሸጠው ሱፐር ግሉ ይሠራል፤ በስቴኪኒ ጫፍ በጠብታ ይደረግ። ክፍተት ካለ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ጠብታ ሲጨመርበት ወዲያው ይጠነክራል፣ ይፋቃልም። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ስለሚያቃጥል መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። የመስኮቶቹን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ግን ሱፐር ግሉ በጭሱ ያነጣዋል፤ ለእነሱ ነጭ ኮላ ይሻላል፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲኩን ስለሚበላው አጠገቡ አይቅረብ።

ተንሳፋፊዎቹ ከሆዱ ጋር ከመገጠማቸው በፊት ለብቻቸው ቢቀቡ ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ አይቀርም፤ ከእግሮቹ መያዣ ነጥቦች ላይ ግን ቀለሙ ይፋቅ፣ ሙጫ የሚይዘው ባዶ ፕላስቲክን ነውና። ስፕሬይ የሚጠቀም ሰው ቀኑን ይምረጥ። በጭሮ ዝናባማ ጠዋት እርጥበቱ አንጸባራቂውን ቀለም ጉም ያስመስለዋል። ሞቃቷ ሚኤሶ ላይ ደግሞ ቀለሙ ገና ፕላስቲኩ ላይ ሳያርፍ በአየር ላይ ደርቆ ሻካራ ይሆናል፤ እዚያ ማለዳው ይመረጣል። ያለቀ ሞዴልም ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥ ቢተው ክንፉ ይጎብጣል።

ተለጣፊ ምልክቶቹ ውሃ ውስጥ ጥቂት ተነክረው ከወረቀታቸው ሲንሸራተቱ ይለጠፋሉ። ለስላሳ ቀለም ላይ ይይዛሉ፤ ሻካራ ላይ ግን ከሥራቸው አየር ይቀራልና ነጣ ብለው ይታያሉ። ከዚያ በተንሳፋፊዎቹ ጎን፣ ውሃው በሚደርስበት ልክ፣ በጣም ቀጠን ባለ ቡናማ ቀለም አንድ መስመር ማሳለፍ ይቻላል። ጨውና አልጌ የሚተዉት ምልክት ነው፤ እርከኗ ጋ ሲደርስ ደመቅ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ፈዘዝ ይበል። ፕሮፔለሮቹና ቀጫጭኑ አንቴናዎች የሚገጠሙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከገቡ በየሥራው መሐል ይሰበራሉ።